ጎተራውን ማን ይሙላው?

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»

ዘርና ማረሻ፣ ላምና ንብ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ በመርሳ አቅራቢያ በጊራና ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ጎተራ ቆሞ ነበር። የሀብሩ ወረዳ ማሽላ የሚከተተው እዚያ ነው። በ1966 ዓ.ም. ጎተራው ተራቆተ፤ በ1977 ደግሞ ለዘር የተቀመጠችው ሳትቀር ተበላች። እነዚያ ሁለት የረሃብ ዘመናት ወሎን ምን እንዳደረጉት ለአገሩ ሰው አይተረትም። ዘመዱ የት እንደወደቀ የማያውቅ ቤት ዛሬም አለና።

በሁለተኛው ረሃብ ማግሥት የሜዳው ኗሪዎች ከዋርካ ሥር ለሸንጎ ተቀመጡ። ዋርካ የአገሩ አበጋር ነው፤ ደም የተቃቡትን ያስታርቃል፣ ድንበር የተጋፉትን ይዳኛል። ከጎኑ አያ ደጋሌት ቆሟል። ደጋሌት የአባቶች ማሽላ ነው፤ በሚያዝያ ዝናብ ይዘራል፣ ክረምቱን ጠጥቶ በኅዳር ይታጨዳል። ራሱ እንጀራ ይሆናል፤ አገዳው ከብት ይቀልባል፣ ጎጆ ይከድናል፣ አጥር ይሆናል፣ የተረፈው ምድጃ ይገባል።

«ወገኖቼ» አለ ደጋሌት፣ «እኔ ደክሜያለሁ። ሰማዩ ቀጠሮውን ለውጧል። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር በጊዜዬ አልዘራም፤ የነሐሴው ቀድሞ ሲያቋርጥ ፍሬ አልቋጥርም። ሰዉ ደግሞ በዝቷል፤ አባት ብቻውን ያርሰው የነበረውን መሬት ዛሬ አራት ልጆች ይካፈሉታል። ከእኔ የበረታ ካለ ይምጣና ጎተራውን ይሙላ፤ ወንበሬን እለቃለሁ።»

ሸንጎው ተንጫጫ። «ጎተራውን የሞላ ይንገሥ!» ተባለ። እንጨት ተፈልጦ ዙፋን ተሠራ።

ይኼኔ ከማሳው ጠርዝ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። እመት ወተት በጉንጬ ናት። ገበሬው ከዋናው ማሽላ መሀል ጥቂት እግር ብቻ የሚዘራት፣ ገና እሸት ሳለች ለልጆች የምትጠበስ ማሽላ ናት።

«ለሚነግሠው ሁለት ጥያቄ አቅርቡለት» አለች። «አንደኛው፣ ምን ያህል ትሞላለህ? ሁለተኛው፣ የምትሞላውን ከማን ላይ ትወስዳለህ? አንዱ ጋ ሳይጎድል ሌላው ጋ የሚሞላ ነገር አላየሁም።»

«አንቺ ደግሞ! የልጆች እሸት ስለ ንግሥና ምን አገባት?» ብለው ዝም አሰኟት።

ያላወቁት ነገር ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለው ሰውነት ገንቢ ንጥረ ነገር እጅግ በልጦ የተገኘባቸው ሁለት ዘሮች ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ወተት በጉንጬ ወገኗ ከእነዚህ ነው። ዓለም ይህን ሀብት ባወቀበት በዚያው ዓመት ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር። ሀብቱ በእጃችን ሳለ እኛ የምናልቅበት ጊዜ መኖሩን ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

መጀመሪያ የነገሠው ማረሻ ነው። «መሬት ብቻ ጨምሩልኝ» አለ። ከሜዳው ወጥቶ ተዳፋቱን፣ ከተዳፋቱ ወጥቶ ጋራውን አረሰ። ግራሩ ተመነጠረ፣ ወይራው ወደቀ። ሁለት መኸር ጎተራው ሞቀ። በሦስተኛው ክረምት ጎርፍ የጋራውን አፈር ጠርጎ ወረደና የሜዳውን ማሳ በጠጠር አለበሰው። የማረሻን ዕዳ የሚከፍለው ገና ያልተወለደ ልጅ ነበር፤ በሸንጎው ላይ ስላልነበረ ማንም አልጠየቀለትም። ማረሻ ከዙፋኑ ወረደ።

ቀጥሎ በወልድያ መንገድ፣ በስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል አንድ አጭር ወጣት መጣ። ስሙ ጎብዬ ነው።

«እኔ ሜዳ ላይ እንደ አያ ደጋሌት አልቆይም» አለ። «የሚያዝያው ዝናብ ቢቀርባችሁ በሰኔ መጨረሻ ዝሩኝ፤ በክረምቱ ዝናብ ብቻ ሥራዬን እጨርሳለሁ። ደግሞም አቀንጭራን አላበላም።»

አቀንጭራ ሲባል ሸንጎው ጸጥ አለ። ያቺን ሐምራዊ አበባ የማይፈራ የለም። ፍሬዋ እንደ ብናኝ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ብቻዋን በአሥር ሺዎች ታፈራለች፣ ፍሬዋም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላ ሥር ወደ አፈሩ የሚረጨው ንጥረ ነገር ሲደርሳት ትነቃለች፤ ሥሩ ላይ ተጣብቃ ትመጠምጠዋለች፤ ገና ከመሬት ብቅ ሳትል ማሽላው መጠውለግ ይጀምራል። የጎብዬ ሥር ግን ያንን መቀስቀሻ እጅግ አሳንሶ ነው የሚሰጠው፤ አቀንጭራ ከጎኗ ማሽላ መብቀሉን ሳታውቅ ተኝታ ትቀራለች። ይህን ምሥጢር ፈልፍለው ጎብዬን፣ አብሽርንና ብርሃንን የመሰሉ ዘሮች እንዲወጡ ካደረጉት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ካሸለሟቸው ሥራዎችም አንዱ ይኸው ነው።

ጎብዬ ነገሠ፤ ያለውንም ፈጸመ። አቀንጭራ ያወደመቻቸው ማሳዎች እህል ሰጡ፤ ጎተራው እስከ ወገቡ ሞላ።

በጥር ግን እመት ላም ወደ ዋርካው መጣች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። «አበጋር ሆይ፣ ፍረደኝ» አለች። «በደጋሌት ዘመን አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነበር፤ እኔም በሬውም እስከ ግንቦት እንበላው ነበር። የዚህ ልጅ አገዳ ጉልበቴን አያልፍም። ሰው እንጀራ በላ፤ እኔ ምን ልብላ? እኔ ከወደቅሁ በሬ ከየት ይወለዳል? ነገ ማን ያርሳል?»

ተከትሎ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ቀረበ። «የእኛ ማሳ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል» አለ። «ሌላው ገና አረንጓዴ ስለሆነ የአገሩ ወፍ ሁሉ የሚሰፍረው በእኛ ላይ ነው። ከጎህ እስከ ማታ ማማ ላይ ነኝ። ትምህርት ቤት ከገባሁ ሳምንታት አለፉ።»

ጎብዬ አንገቱን ደፋ። ይህን አስቦ አልመጣም ነበር፤ የጠየቀውም አልነበረም።

ሦስተኛው ንጉሥ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ በደሴ በኩል መርሳ የደረሰ ነጭ እንግዳ ነው። ማዳበሪያ ይባላል።

«የኔ ትውልድ ከአየር ነው» አለ። «በ1913 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ኦፓው በተባለ ቦታ ናይትሮጅንን ከአየር ይዞ የአፈር ምግብ የሚያደርግ ፋብሪካ ከፈቱ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው የሚበላው በእኔ ጉልበት የበቀለ እህል ነው። የሳይንቲስቱ የኖርማን ቦርላውግ አጭር ስንዴ የሜክሲኮንና የሕንድን ጎተራ ሲሞላ እኔ ከሥሩ ነበርኩ፤ እሳቸው በ1970 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ እኔም ድርሻ ነበረኝ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም በእናንተው አገር በሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ላይ አሳይቶኛል። አንግሡኝ።»

አነገሡት። ዝናብ በሰጠበት ዓመት ማሳው ጠቆረ፣ ራሱ ከበደ፤ ጎተራው እስከ አንገቱ ደረሰ። የሸንጎው ዘፈን እስከ ውርጌሳ ተሰማ።

ከዚያ 2008 ዓ.ም. መጣ። ያለፈው ክረምት ሳይዘንብ አልፎ ነበር። በመላው ኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የዕለት እርዳታ ጠባቂ የሆነበት ያ ድርቅ የጊራናን ሜዳም አልማረም። ውሃ በሌለው አፈር ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ቡቃያውን ይለበልበዋል፤ የቆላ ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ማሳው ከሰል መሰለ። የማዳበሪያው ዕዳ ግን ባለበት ቆየ። ገበሬው ፍየሉን፣ ቀጥሎ ጥጃውን፣ ቀጥሎ በሬውን ወደ መርሳ ገበያ ነዳ። ሁሉም በአንድ ቀን ስለነዳ ዋጋ አልነበረውም።

«ዝናቡን እኔ አላስቀረሁትም» አለ ማዳበሪያ። እውነቱን ነው። ዋርካው ግን መለሰለት፤ «ዝናብ ሲቀር ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ስትነግሥ አልተናገርህም። እኛም አልጠየቅንህም።»

ጥማቱ ራሱ አራተኛውን ንጉሥ ጠራው። ሞተር ነው። «ሰማይን ለምን ትለማመጣላችሁ?» አለ። «ውሃው ከእግራችሁ ሥር ነው። ከቆቦ እስከ ጊራና ባለው ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ እየወጣ መሆኑን አልሰማችሁም?»

ሞተር ሲጮህ ሜዳው ተለወጠ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ሸንኮራው፣ ፓፓያው በበጋ ለመለመ። ሥራ ፈትቶ ወደ አረብ አገር መንገድ ያይ የነበረ ወጣት በገዛ ቀዬው ገንዘብ ቆጠረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሞተርን ውለታ የሚክድ በሀብሩ አይገኝም።

በሜዳው ላይ ከጥንት ጀምሮ የውሃ አባት የሚባል ሰው ነበር። ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ላይ ተራ የሚያወጣ፣ ከላይ ያለው ጠጥቶ ከታች ላለው እንዲለቅ የሚያደርግ፣ ለባልቴቷም ለባለጠጋውም በእኩል ጥላ ውሃ የሚሰፍር ሰው ነው። ሞተር ከመጣ ወዲህ የውሃ አባትን የሚሰማ ጠፋ። ነዳጅ ያለው ሌሊቱን ሙሉ ሳበ፤ ነዳጅ የሌለው አሻግሮ አየ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከታች ያለችው ምንጭ ደረቀች። እንስራ ያዘሉ ሴቶች መንገዳቸው ረዘመ። ሽንኩርቱም በአንድ ሳምንት ደርሶ በአንድ ሳምንት ገበያ ሲወጣ፣ ደላላው በፈለገው ዋጋ ጫነው። ኪስ አንድ ሰሞን ሞላና ተራቆተ፤ ማሽላው ቦታውን ለሽንኩርት ለቆ ነበርና ጎተራው ግማሽ ሆኖ ተገኘ።

ማዳበሪያ ይህን አይቶ ከዓለም የሰማውን ተናገረ። «በሕንድ በፑንጃብ ያየሁት ይኸው ነው» አለ። «እኔ፣ አጭሩ ስንዴና ሞተር አብረን ገብተን አገሪቱን ከረሃብ አወጣናት። የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ፤ ገበሬው ውሃውን ለማግኘት አሁንም አሁንም ወደ ታች ይቆፍራል።»

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ሰማዩ ጨለመ፤ አንበጣ ነበር። በሰሜን ወሎ ቆላ ለአጨዳ የቀረበ ማሽላና ጤፍ ላይ ሰፍሮ ባዶ አገዳ ትቶ ሄደ። እናቶች ጣሳ እየደበደቡ፣ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ ዋሉ፤ አንበጣው ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ በጎረቤቱ ላይ ወደቀ። ያኔ አምስተኛው ንጉሥ ነገሠ፤ መድኃኒት፣ የሚረጨው። ከአውሮፕላን ወረደ፣ ከጀርባ ከሚታዘል መርጫም ወጣ። አንበጣውን ገደለ፤ አገዳ ቆርቋሪውን ገደለ፤ ተምቹን ገደለ። ጎተራውን ከጥፋት አዳነ።

አንድ ቀን ንብ እየተንገዳገደች ወደ ዋርካው ደረሰች። «አበባ ላይ ሳለሁ ረጩብኝ» አለች። «እህቶቼ ወደ ቀፎ አልተመለሱም። ማርን ተዉት፤ ማንጎውና ሱፉ፣ ባቄላውና ዱባው ያለ እኔ ምን ያፈራሉ?» ከኋላዋ መርጫ ሲያዝል የሚውል አንድ ወጣት ቆሟል፤ ጓንት የለውም፣ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኗል፣ ዓይኑ ቀልቷል። አልተናገረም፤ መናገር ግን አላስፈለገውም።

አምስት ነገሥታት ነግሠው አምስቱም ተከሰሱ። ሸንጎው ተጣላ። ግማሹ «ሁሉንም እናባርር፤ በአባቶቻችን እርሻ እንደር» አለ። አያ ደጋሌት ራሱ ተቆጣ። «በእኔ ብቻ ማደር ማለት 1966ን መልሶ መጥራት ነው» አለ። «እኔን የምትወዱኝ ከሆነ በእኔ ስም ሰው አትግደሉ።» ግማሹ ደግሞ «ስድስተኛ ንጉሥ እንፈልግ» አለ።

ክርክሩ ሲጦዝ ከጎተራው ሥር የሚያኝክ ድምፅ ተሰማ። ነቀዝ ነው። ሲጎትቱት ወፍሮ መራመድ አቅቶታል።

«እኔን ለምን ትይዙኛላችሁ?» አለ። «እናንተ ከላይ ስለሚሞላው ስትጣሉ እኔ ከታች እበላ ነበር። በማረሻም ዘመን በላሁ፣ በጎብዬም፣ በማዳበሪያም። እንዴት እንደሚጨመር አምስት ጊዜ መከራችሁ፤ እንዴት እንደሚጠበቅ አንድ ጊዜ እንኳ አልመከራችሁም። እርጥብ እህል ከተታችሁልኝ፤ የእህል ጉድጓዱ ውሃ ሲያስገባ ዝም አላችሁ። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ለሰው ከሚመረተው ምግብ አንድ ሦስተኛው፣ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ቶን ያህሉ፣ ይጠፋል ወይም ይጣላል። በሀብታሞቹ አገር ከማዕድ ላይ ይጣላል፤ በእናንተ አገር ከማሳ እስከ ጎተራ ይባክናል።»

ሸንጎው አፈረ። ዋርካው ወደ ማሳው ጠርዝ ዞረ። «እመት ወተት በጉንጬ» አለ፣ «ያኔ የጠየቅሽውን ድገሚልን። ምናልባት አንቺ ብትነግሺ ይሻል ነበር።»

«አይሻልም» አለች። «በራሴ ልጀምርና ሁለቱን ጥያቄ ልመልስ። ምን ያህል እሞላለሁ? ጥቂት። ገንቢ ነኝ፤ ግን ፍሬዬ ትንሽና የተጨማደደ ነው። ከማን ላይ እወስዳለሁ? ከብዙኃኑ ጉሮሮ፤ ሰፊ መሬት ይዤ ጥቂት እሰጣለሁ፣ ወፍም ነቀዝም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው በእኔ ላይ ነው። ዙፋን ለእኔ አይገባም። ለጎብዬም፣ ለማዳበሪያም፣ ለሞተርም አይገባም። ጥፋቱ ከሠራተኞቹ ሳይሆን ከዙፋኑ ነው። አንዱን ብቻ ሾማችሁ ሌላውን ሁሉ ሻራችሁ፤ የሚከፍለውንም ከሸንጎ አስወጣችሁ።»

ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ተመከረ። ዋርካው የቆረጠው ፍርድ ይህ ነው።

ማረሻ ከእርከኑ በላይ አይወጣም፤ ጋራው ለሣርና ለዛፍ ይሁን፣ ሣሩም እየታጨደ ለላሟ ይምጣ። ሚያዝያ ሲዘንብ ደጋሌት ይዘራል፤ ሲቀር ጎብዬ ይተካል። ጎብዬ በተዘራበት ዓመት ጎረቤት ከጎረቤት ቀን ተቀጣጥሮ አብሮ ይዝራ፤ ወፉ በአንድ ቤት ላይ እንዳይወርድ፣ ልጁም ከማማ ወርዶ ትምህርት ቤት እንዲገባ። ማዳበሪያ እርጥበት ባለበት ማሳ ይሥራ፤ ፍግና ጥራጥሬ አብረውት ይግቡ፤ ሰማይ በከዳ ዓመት ዕዳው በገበሬው በሬ ላይ አይውደቅ። ሞተር ያለ የውሃ አባት ትእዛዝ አይነሣ፤ የጉድጓዱ ውሃ ከተወሰነለት ምልክት ሲወርድ ዝም ይበል። መድኃኒት አበባ ባለበት አይረጭ፤ የግድ ሲሆን ንብ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ ይረጭ፤ የሚረጨውም ሰው እጁና አፉ ተሸፍኖ ይርጭ። እህል ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ይከተት፤ ነቀዝም ትንፋሽ ያጥረው።

የመጨረሻው ፍርድ ስለ ዘር ነበር። «በ1977 ዓ.ም. የተበላው እህል ብቻ አልነበረም፤ ዘርም ተበልቷል» አለ ዋርካው። «እህል የተራበን ሰው ያድናል፤ ዘር ያለቀበት አገር ግን ሲዘንብም የሚዘራው የለውም።» በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በኋላ በዶክተር መላኩ ወረደ የተመራው የእህል ዘር ማዕከል በዚያ ድርቅ ዘመን የአገሩን ዘሮች ከመጥፋት ለማዳን መድከሙን፣ መላኩም ዘርን በገበሬው ማሳ ላይ ማቆየትን አስተምረው በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ማግኘታቸውን አነሣ። «ስለዚህ አዲስ ዘር በገባ ቁጥር አሮጌው አይባረር። ደጋሌትም፣ ወተት በጉንጬም፣ ማር ጩቄ የተባለው ማሽላም በየዓመቱ ጥቂት እግር ይዘሩ። ነገ የሚመጣው ሊቅ መድኃኒቱን የሚፈልገው ከእነሱ ውስጥ ነው።»

ፍርዱ ሲያበቃ ዙፋኑን ፈለጡት። ከእንጨቱ ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠሩ። ላም፣ ንብ፣ ምንጭ፣ ወንጭፍ የያዘው ልጅ፣ እንስራ ያዘለችው ሴት፣ መርጫ ያዘለው ወጣት፣ ሁሉም ተቀመጡበት። ከዚያ ወዲህ «ጎተራችሁን እሞላለሁ» የሚል እንግዳ ሲመጣ በክብር ይቀበሉታል፣ ውሃ ያቀርቡለታል፣ ከዚያም አግዳሚው ላይ በተቀመጡት ፊት አቁመው ሁለቱን ጥያቄ ይጠይቁታል። በቅንነት የመለሰ ሥራ ይሰጠዋል። አንደኛውን ብቻ መልሶ ሁለተኛውን የዘለለ «አስበህ ተመለስ» ይባላል።

እናንተ የመርሳ፣ የወልድያና የሀብሩ ልጆች፣ እናንተም በመላ አገሪቱና በባዕድ አገር ያላችሁ፣ ተረቱ የእኛው ነው። ዓለም ገና ብዙ አፍ ይጨምራል፤ ዝናቡም እንደ አባቶቻችን ጊዜ አይሆንም። አዲስ ዘር፣ አዲስ ማሽን፣ አዲስ መድኃኒት ይመጣል፤ ይምጣም። ረሃብን ያየ አገር አዲስ ነገርን የመናቅ ድሎት የለውም። ጉባኤ በተጠራ፣ ፕሮጀክት በተመረቀ፣ ከረጢት በታደለ ቁጥር ግን «ምን ያህል ይሞላል?» ተብሎ ሲጨበጨብ፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ተነሥቶ «ከማን ላይ ይወሰዳል?» ይበል። ያ ሰው ልማት ጠል አይባል። የሚከፍለው ተጠርቶ፣ ዋጋውን ሰምቶ፣ እሺ ካለ ጎተራው ይሞላል፤ የሞላውም ይበረክታል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።